የጉንዳን እንቆቅልሽ ጌም ለስልክ መሥራት፦ ከካሬ ደብተር እስከ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል)

«ተጫዋቹ ጉንዳን የሆነበት የእንቆቅልሽ ጌም መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ እየተደጋገመ ይመጣል። አብዛኛው ጠያቂ የሚጀምረው ጉንዳን በመሳል ነው፤ ትንሽዬ ጉንዳን በትልቅ ስክሪን ላይ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እጁ ላይ ያለው ስዕሉ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ራሱን ትንሽ አድርጎ የሚያየው ጉንዳኗ ስላነሰች አይደለም። የሚያውቀው ዕቃ ሲገዝፍበትና የዓለሙ ሕግ ከእሱ ዓለም ሲለይበት ነው። ስለዚህ እዚህ የምንጀምረው ከሕጉ ነው።

የምንሠራው ጌም ቡና በተፈላበት ወለል ላይ ነው፤ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቡና ተደፍቷል፣ ውሃ ተንጠባጥቧል። መሪ ጉንዳን ተከታይዋን በምትተወው የሽታ ዱካ እየመራች የፈንዲሻ ፍርፋሪ ጋ ታደርሳለች። የጎዶት (ነጻ የጌም መሥሪያ ፕሮግራም) ኮድ በጥቂቱም ቢሆን ነክታችሁ እንደምታውቁ እገምታለሁ። ካልነካችሁም እስከ ደረጃ 4 ያለው ያለ ኮምፒውተር ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ
- አንድ ምስር (መሪዋ)፣ አንድ ሽንብራ (ተከታይዋ)፣ አጫጭር የገለባ ቁራጮች (ቄጤማ)
- ባለ 4 ጊጋባይት ራም ወይም ከዚያ በላይ ኮምፒውተር
- ጎዶት 4.3 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ስሪት። ነጻ ነው፤ ማውረጃውም ከ200 ሜጋባይት በታች ነው
- የጎዶት ኤክስፖርት ቴምፕሌት፤ ጌሙን ስልክ ላይ ወደሚጫን ፋይል የሚቀይርበት። ይህኛው 1 ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ዋይፋይ ያለበት ጠብቁ። ቁጥሩ ከጎዶቱ ስሪት ጋር አንድ ካልሆነ ያወረዳችሁት በሙሉ ከንቱ ነው
- ጃቫ ጄዲኬ 17 እና የአንድሮይድ ኤስዲኬ፤ ጎዶት የአንድሮይድ ፋይል ለማውጣት የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች
- አንድሮይድ ስልክ ከነዳታ ኬብሉ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል አይሆንም
- ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንት

ኮምፒውተር ከሌላችሁ ጎዶት በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫን ኤዲተር አለው። ጌሙን እዚያው ጽፎ እዚያው ማስሞከር ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ደረጃ 1፦ ልኩን ቁረጡ

አንድ ካሬ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ አንዲት ጉንዳን ማለት ነው። ሰሌዳው 7 ካሬ በወርድ፣ 10 ካሬ በቁመት ይሁን። ይህ በእውነተኛው ዓለም 35 በ50 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሌቭሉ በሙሉ የክብሪት ቀፎ ፊት ያህላል ማለት ነው።

ለምን 7? የስልክ ስክሪን ወርድ 68 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በግራና በቀኝ ጥቂት ተትቶ በ7 ሲካፈል አንዱ ካሬ 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ጣት ሳይሳሳት የሚነካው ትንሹ መጠን ደግሞ ይኸው ነው። 9 ዓምድ ካደረጋችሁት ካሬው ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ተጫዋቹም ከእንቆቅልሹ ይልቅ ከጣቱ ጋር ይታገላል።

በዚህ ልክ የቡና ፍሬ ሁለት ካሬ ይይዛል። የሲኒ ቂጥ የሰሌዳውን ወርድ ሊሞላ ይደርሳል። የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነች የካሬ አንድ አምስተኛ ናት፤ ለጌጥ ብቻ በትኗት። ልኩን አንዴ ከወሰናችሁ አትጣሱት። አንድ ሌቭል ላይ የቡና ፍሬ ሁለት ካሬ፣ ሌላው ላይ አራት ካሬ ከሆነ ተጫዋቹ ምክንያቱን ባያውቅም ማመኑን ያቆማል።

ደረጃ 2፦ ሕጎቹን ከጉንዳን ውሰዱ

ለመጀመሪያው ስሪት አራት ሕግ ይበቃል።

የሽታ ዱካ። ብዙ የጉንዳን ዓይነቶች መንገዳቸውን የሚያገኙት ከዓይናቸው ይልቅ በማሽተት ነው፤ ሽታውም እየተነነ ይጠፋል። መሪዋ የረገጠችው ካሬ ላይ 6 የሆነ ሽታ ይቀራል፤ በያንዳንዱ እርምጃ በ1 ይቀንሳል። ተከታይዋ ከአራቱ አጎራባች ካሬዎች ሽታው የበረታውን ትመርጣለች፤ ያም ከቆመችበት ካሬ የሚበልጥ መሆን አለበት። አለዚያ ዞራ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

ተከታይዋ ቀርፋፋ ናት። ሸክም ይዛለች፤ የምትንቀሳቀሰው መሪዋ ሁለት እርምጃ በሄደች ቁጥር አንዴ ነው፤ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ6ኛው እርምጃ። ይህ ሕግ ከሌለ ሽታው መቼም አያልቅባትም፤ ጌሙም እንቆቅልሽነቱ ይቀራል። እንደ ዝርዝር አትዩት፤ የጌሙ ሞተር ይኸው ነው።

ውሃ አይረገጥም። ለእኛ ጠብታ የሆነው ለጉንዳን ይዞ የሚያስቀር ሙጫ ነው። ቄጤማ ተገፍቶ ውሃው ላይ ሲገባ ድልድይ ይሆናል።

መሪዋ ቄጤማ ትገፋለች፣ አትጎትትም። አንድ ብቻ ትገፋለች። የቡና ፍሬ አይነቃነቅም። ተከታይዋ ምንም አትገፋም። መሪዋም ተከታይዋ የቆመችበት ካሬ አትገባም።

የሚያሸንፈው መሪዋ ፍርፋሪው ላይ ቆማ ተከታይዋ አጠገቧ ስትደርስ ነው። ከከፍታ መውደቅ ጉንዳንን አይጎዳም፤ ከእሱም ጥሩ ሕግ ይወጣል። ለሁለተኛው ስሪት አቆዩት።

ደረጃ 3፦ ወረቀት ላይ ተጫወቱት

ደብተሩ ላይ 7 በ10 ሰሌዳ ከልሉ። ምስሩን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር የደረሰበት ካሬ ላይ የእርምጃውን ቁጥር በእርሳስ ጻፉ፤ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ። ካሬው ላይ ቁጥር ካለ አጥፍታችሁ አዲሱን ጻፉ። ሽታው ያለው ቁጥሩ ከአሁኑ እርምጃ ሲቀነስ ከ6 የሚያንስ ካሬ ላይ ብቻ ነው። ሽንብራዋ ወደ ትልቁ ቁጥር ትሄዳለች። ሁለት ካሬ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊኖረው ስለማይችል «የትኛውን ትምረጥ?» የሚል ጣጣ አይነሳም።

ይህን የማስጠነቅቀው አብዛኛው ሰው ስለሚዘለው ነው፤ ወረቀት ላይ አሰልቺ የሆነ ሌቭል ስልክ ላይ አያምርም። ወረቀት ላይ ማስተካከል ላጲስ ይፈልጋል፤ ኮድ ውስጥ ማስተካከል አንድ ምሽት።

ደረጃ 4፦ ሌቭሉን በፊደል ጻፉ

ጎዶት የግዕዝ ፊደል ያለ ችግር ያነባል፤ አንድ ፊደልም እንደ አንድ ምልክት ይቆጠራል። ስለዚህ ሌቭሉን በቴክስት ፋይል፣ ለአንድ ካሬ አንድ ፊደል እያደረጋችሁ ጻፉት። መ መሪ፣ ተ ተከታይ፣ ቡ ቡና፣ ው ውሃ፣ ቄ ቄጤማ፣ ፈ ፈንዲሻ፣ ፡ ባዶ ወለል።

ቡቡቡፈቡቡቡ
ቡቡቡውቡቡቡ
ቡ፡፡፡፡፡ቡ
ቡ፡፡ቄ፡፡ቡ
ቡ፡፡፡፡፡ቡ
ቡተቡቡመቡቡ

የቀሩትን አራት ረድፎች በቡ ሙሏቸው። አሁን በምስርና በሽንብራ ተጫወቱት።

መሪዋ በቀጥታ ብትሄድ፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ ከዚያ ቄጤማውን እየገፋች አራት ጊዜ ወደ ላይ፣ በ6 እርምጃ ፍርፋሪው ጋ ናት። ግን ብቻዋን ናት፤ ዱካዋ ተከታይዋ አጠገብ አላለፈም። ስለዚህ መጀመሪያ በ5ኛው ረድፍ ወደ ግራ ሄዳ ተከታይዋ አፍ ላይ መድረስ አለባት፤ ይህ 4 እርምጃ ይፈጃል። ከዚያ ሁለት ወደ ቀኝ፣ አራት ወደ ላይ። በ10ኛው እርምጃ ፍርፋሪው ላይ ስትቆም ተከታይዋ ገና 5ኛው ረድፍ፣ 4ኛው ዓምድ ላይ ናት።

ተጫዋቹ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍርፋሪውና ድልድዩ መካከል ወዲያ ወዲህ እያለ ሊጠብቃት ይሞክራል። በ12ኛው እርምጃ ተከታይዋ አንድ ካሬ ትወጣለች፤ በ14ኛው ግን 3ኛው ረድፍ ላይ ያለው ሽታ አልቋል፤ ከድልድዩ ሁለት ካሬ ዝቅ ብላ ትቀራለች። መፍትሔው ከ10ኛው በኋላ ሁለት ወደ ታች ወርዶ ሽታውን ማደስ ነው፤ ከዚያ ሁለት ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች፣ አንድ ወደ ላይ። በ16ኛው እርምጃ ያልቃል። ከ16 በታች አይቻልም፤ ተከታይዋ 6 ጊዜ መንቀሳቀስ አለባት፣ የመጀመሪያዋም ከ6ኛው እርምጃ በፊት አትመጣም።

ለያንዳንዱ ሌቭል እንዲህ ያለ የትንሹ እርምጃ ቁጥር አውጡ። ኋላ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የምትፈትሹበት እሱ ነው፤ ተጫዋች በ14 ከጨረሰው ሕጉ የሆነ ቦታ ፈሷል።

ደረጃ 5፦ ፕሮጀክቱን አዘጋጁ

1. አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ከሦስቱ ሬንደረሮች (ስዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጡ ክፍሎች) ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን ምረጡ። ቆየት ባሉና ርካሽ ስልኮች ላይ የሚሻለው እሱ ነው፤ ለዚህ ጌም ደግሞ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።
2. ፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ዲስፕሌይ፣ ዊንዶው ውስጥ ወርዱን 720፣ ቁመቱን 1280 አድርጉ። ኦሪየንቴሽኑ ፖርትሬት ይሁን።
3. ስትሬች ሞዱን ካንቫስ አይተምስ፣ አስፔክቱን ኤክስፓንድ አድርጉ። አለዚያ ረጃጅሞቹ ስልኮች ላይ ከላይና ከታች ጥቁር ጥብጣብ ይመጣል።
4. ካሬው 96 ፒክስል ይሁን። 7 ጊዜ 96 ማለት 672 ነው፤ በግራና በቀኝ 24፣ 24 ይተርፋል።

ደረጃ 6፦ የአንዱን እርምጃ ቅደም ተከተል ጻፉ

የጌሙ አእምሮ ይህ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

ሀ. መሪዋ ልትሄድበት ያለው ካሬ ምንድነው? ቡና፣ ውሃ ወይም ተከታይዋ ከሆነ ምንም አይቀየርም፤ እርምጃም አይቆጠርም።
ለ. ቄጤማ ከሆነ ከኋላው ያለውን ካሬ እዩ። ባዶ ወይም ውሃ ከሆነ መገፋት ይችላል፤ ሌላ ከሆነ እንደ ሀ።
ሐ. አሁን ያለውን ሁኔታ ለመመለሻ አስቀምጡ።
መ. የእርምጃ ቆጣሪው 1 ይጨምር።
ሠ. ቄጤማ ካለ ይገፋ፤ ውሃ ላይ ከገባ ውሃው ድልድይ ይሁን። መሪዋ ትንቀሳቀስ፤ የደረሰችበት ካሬ ላይ የቆጣሪው ቁጥር ይጻፍ።
ረ. ቆጣሪው ለ2 የሚካፈል ከሆነ ተከታይዋ ትመርጣለች፤ የመረጠችው ካሬ የመሪዋ ከሆነ ባለችበት ትቆማለች።
ሰ. ማሸነፍ ይፈተሽ።

ሽታን በየእርምጃው ከሰባው ካሬ ላይ እየቀነሱ መሄድ አያስፈልግም። ልክ እንደ ወረቀቱ ቁጥሩን ብቻ አስቀምጡ፤ ሽታው 6 ሲቀነስ የአሁኑና የተጻፈው ቁጥር ልዩነት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ያልተረገጠ ካሬ መነሻ ዋጋው 0 ከሆነ በመጀመሪያዎቹ አምስት እርምጃዎች ወለሉ በሙሉ ይሸታል። መነሻውን 100 ከዜሮ በታች አድርጉት።

ደረጃ 7፦ መመለሻ

የሚገፋ ነገር ያለበት ጌም ያለ መመለሻ አይወጣም። ከላይ ባለው ሌቭል ቄጤማው አንዴ 3ኛው ረድፍ ላይ ጥግ (2ኛው ወይም 6ኛው ዓምድ) ደርሶ ከቆመ ወደ ውሃው የሚያስገባው የለም፤ ተጫዋቹም ይህን የሚያውቀው ከአራት እርምጃ በኋላ ነው። ገደብ የሌለው መመለሻ ስጡት።

መቀመጥ ያለባቸው የመሪዋ ቦታ፣ የተከታይዋ ቦታ፣ የቄጤማዎቹ ቦታ፣ ድልድይ የሆኑት ውሃዎች፣ የሽታ ቁጥሮቹ በሙሉ እና የእርምጃ ቆጣሪው ናቸው። የሚረሳው የመጨረሻው ነው። ቆጣሪው ካልተመለሰ ሙሉና ጎዶሎው ይምታታል፤ ተከታይዋ ያለ ተራዋ ትራመዳለች። ዝርዝሮችን ስታስቀምጡ ቅጂያቸውን አስቀምጡ፤ ጎዶት ውስጥ ዝርዝር በቀጥታ ሲሰጥ የሚተላለፈው ራሱ ዕቃው ስለሆነ «ያለፈው» ሁኔታ ከአሁኑ ጋር አብሮ ይቀየራል።

ደረጃ 8፦ ጣት

ካሬ ከማስነካት ይልቅ ማንሸራተት ይሻላል፤ የትም ቦታ ቢንሸራተት ይሥራ፣ ጣት ጉንዳኗን እንዳይሸፍናት። ጣቱ ያረፈበትንና የተነሳበትን ነጥብ ያዙ። ልዩነቱ ከ40 ፒክስል ካነሰ ተዉት። ከበለጠ የጎኑና የቁመቱን አወዳድሩ፤ የበለጠው አቅጣጫውን ይወስናል። ኮምፒውተር ላይ ለመሞከር ማውስን እንደ ንክኪ የሚቆጥረውን ሴቲንግ አብሩ።

እንቅስቃሴው 0.12 ሰከንድ ይፍጅ። ስሌቱ ወዲያው ይለቅ፣ ስዕሉ ኋላ ይድረስ። ስዕሉ እስኪያልቅ ንክኪ ከዘጋችሁ ፈጣን ተጫዋች «ስልኩ ተጣበቀ» ይላል።

ደረጃ 9፦ አሁን ስዕል

ብዙዎች ካሜራውን ጉንዳኗ ዓይን ላይ ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። ለቪዲዮ ያምራል፤ ለእንቆቅልሽ ግን የመጀመሪያው የቡና ፍሬ ሰሌዳውን በሙሉ ይጋርደዋል። ካሬውን ማየት ያልቻለ ተጫዋች አያስብም፣ ይገምታል። ከላይ እዩትና ትንሽነቱን በሌላ አምጡ።

- ትልልቅ ዕቃ ሙሉውን አይታይ። የሲኒው ቂጥ ግማሹ ከስክሪኑ ይውጣ።
- ጥላ ረጅም ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ካሬ።
- የቡና ፍሬው መሃል ያለው ስንጥቅ፣ የቄጤማው ጅማት ይታይ። ከሩቅ የማይታየው ዝርዝር ነው «ቀርበሃል» የሚለው።
- ሲኒ ሲቀመጥ ድምፁ ወፍራምና ረጅም ይሁን፤ ሰሌዳውም ትንሽ ይንቀጥቀጥ። በአንድ ሌቭል ከአንዴ በላይ ግን አይሁን።

ሽታውን በነጠብጣብ አሳዩ፤ 6 ሲሆን ትልቅ፣ 1 ሲሆን የመርፌ ጫፍ። በቀለም ብቻ ከለያችሁት ቀለም መለየት የሚቸግረው ሰው መጫወት አይችልም፤ ፀሐይ ላይ የቆመም እንደዚያው።

ደረጃ 10፦ የአማርኛ ጽሑፍ

የጎዶት የራሱ ፎንት የእኛን ፊደል አይዝም። ኮምፒውተራችሁ ላይ አማርኛው ቢታይ አትታለሉ፤ ከሲስተሙ ፎንት ተበድሮ ሊሆን ይችላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገብታችሁ ለሁሉም ጽሑፍ መነሻ ፎንት አድርጉት። ፈቃዱ ከጌም ጋር ማሰራጨትን ይፈቅዳል።

ደረጃ 11፦ ወደ ስልክ

1. ኤዲተር ሴቲንግስ ውስጥ የጃቫውንና የአንድሮይድ ኤስዲኬውን አቃፊ አሳዩት።
2. ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ኢምፖርት ኢቲሲ2 ኤኤስቲሲ የሚለውን አብሩ፤ ካልበራ ኤክስፖርቱ እምቢ ይላል።
3. የአንድሮይድ ኤክስፖርት ፕሪሴት ፍጠሩ። ሪሶርስስ በሚለው ትር፣ ሪሶርስ ያልሆኑ ፋይሎች ማጣሪያ ላይ የቴክስት ፋይሎቹን ጨምሩ። ካልጨመራችሁ ሌቭሎቹ ኤፒኬው ውስጥ አይገቡም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ጌም ስልክ ላይ ባዶ ይከፈታል።
4. ስልኩ ላይ የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ ነክታችሁ የዴቨሎፐር አማራጮችን ክፈቱ፤ የዩኤስቢ ዲበጊንግን አብሩ፤ ኬብሉን ሰክታችሁ ከኤዲተሩ በቀጥታ አስነሱት።

ለጓደኛ በቴሌግራም የምትልኩት ኤፒኬ ይበቃል፤ ተቀባዩ ከማያውቀው ምንጭ መጫንን መፍቀድ አለበት። ከመላካችሁ በፊት የራሳችሁን ኪስቶር (የጌሙ መፈረሚያ ቁልፍ ያለበት ፋይል) ሥሩ፣ ቅጂውንም ፍላሽ ላይ አኑሩ። ቀጣዩ ስሪት በሌላ ቁልፍ ከተፈረመ በአሮጌው ላይ አይጫንም፤ ሰዉ አሮጌውን ማጥፋት አለበት፣ የደረሰበት ሌቭልም አብሮ ይጠፋል።

ለፕሌይ ስቶር ፋይሉ ኤፒኬ ሳይሆን ኤኤቢ የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ምዝገባው የአንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው። ከኅዳር 2023 አጋማሽ ወዲህ የተከፈተ የግል አካውንት ደግሞ ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት 12 ሞካሪ ለ14 ተከታታይ ቀናት ይዞ መቆየት አለበት። ሞካሪ ማሰባሰቡን በመጨረሻው ሳምንት አትጀምሩት።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

ሌቭሉ ሲከፈት አንድ ዕቃ ይጠፋል። ሞክሼ ፊደል ነው። ቄ ን በ«ሣር» ሣ ተክታችሁ ኮዱ ውስጥ ሳ ከጻፋችሁ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ከሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ቤት ፊደል አትምረጡ።

ባዶው ወለል ግድግዳ ይሆናል። የእኛ ሁለት ነጥብ (፡) እና የላቲኑ ኮሎን ተደበላልቀዋል። ከተሠራው ሌቭል ላይ ኮፒ አድርጉ።

ረድፉ 7 ሳይሆን 8 ፊደል ነው ይላል። ፋይሉ ዊንዶውስ ላይ ስለተጻፈ በመስመሩ ጫፍ የማይታይ ምልክት አለ። መስመሩን ስታነቡ ጫፉን ቁረጡት።

ተከታይዋ ዱካውን ትታ በአቋራጭ ትሄዳለች። ይህ ስህተት አይደለም፤ ዱካው ተጠማዞ አጠገቧ ሲያልፍ አዲሱ ካሬ ይበረታል። አትጠግኑት፣ ሌቭል ሥሩበት።

ሁሉም ሌቭል ቀላል ሆነ። ሽታውን ከ6 ወደ 10 ከፍ አድርጋችሁት ይሆናል። ቁጥሩን መልሱና ቦታውን አጥብቡ።

ደረጃ 12፦ አስሞክሩ

12 ሌቭል ሲደርስ ስልኩን ጌሙን አይተው ለማያውቁ አምስት ሰዎች ስጡ፤ ምንም አታስረዱ። ሁለት ነገር መዝግቡ፤ የየትኛው ሌቭል መመለሻ ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ ጣቱ የትኛው ካሬ ላይ እንደቆመ። መመለሻው ብዙ ተነክቶ ሰውየው ፈገግ ካለ ሌቭሉን ተዉት። ሳይነካ ስልኩን ከመለሰላችሁ ችግሩ ያለው እዚያ ሌቭል ላይ ሳይሆን ከእሱ በፊት ባለው ነው፤ ሕጉን ሳያስተምረው አሳልፎታል።